የጎሬ ክረምት፣ የመቱ ጥቅምት

ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ጎሬ ላይ ዝናብ አይጠፋም። በዓመት የሚወርድባት ውኃ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በደህናው ዓመት የምታገኘው 1,200 አካባቢ ነው። ምክንያቱ የአገሩ አቀማመጥ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ የጋምቤላን ሜዳ ተሻግሮ የሚገጥመው ትልቅ ከፍታ የኢሉባቦር ጠርዝ ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ነፋሱ ያንን ዳገት ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውንም እዚያው ያራግፈዋል።

ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት የአገራችን የጉብኝት ልማድ በሰሜኑ ልክ የተሰፋ ስለሆነ ነው። ለኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር እንላለን። ክረምት ሲገባ ሻንጣ ይሰቀላል፣ አስጎብኚውም ያርፋል። መቱና ጎሬ በዚህ መለኪያ ሲታዩ ከዓመቱ ገሚሱን የተዘጉ ይመስላሉ። እኔ ግን ኢሉባቦር ውስጥ ለእንግዳ የሚታየው ነገር ሁሉ፣ ፏፏቴውም ቡናውም ማሩም፣ የከተሞቹ ታሪክ ሳይቀር፣ ከዝናቡ የተገኘ ነው እላለሁ። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዝናቡን ሊሸሽ አይገባም። የትኛው ዝናብ ምን እንደሚያመጣ አውቆ ወሩን ይምረጥ።

ከጎሬ እንጀምር፤ ታሪካዊ ከተማ ለሚባለው ስም ከማንም በፊት የምትበቃው እሷ ናትና። ዛሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ጸጥተኛ የወረዳ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ወደ መቱ እስኪዞር ድረስ ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። በአጼ ምኒልክ ዘመን የራስ ተሰማ ናደው ግዛት ማዕከል ሆና ነው የገነነችው። የራስ ተሰማ ጦር በ1890 ዓ.ም. ከዚህ ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ የፈረንሳይ ተልእኮ አባላትና አንድ የሩሲያ መኮንን አብረውት፣ ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚቀላቀልበት ድረስ ዘልቋል። ራስ ተሰማ በኋላ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ያረፉት በ1903 ዓ.ም. ነው።

የጎሬን ሀብት የፈጠረው ግን ከጦሩ ይልቅ ወንዙ ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ በዚያ መሠረት ተቆረቆረች። ከሱዳን የሚመጡት በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ጨውና ጨርቃ ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ነገር ግን ባሮ ለመርከብ የሚበቃው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። ቡናው በበኩሉ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከጎሬ በቡሬ በኩል እስከ ጋምቤላ ድረስ ያለውን ቁልቁለት በቅሎና ተሸካሚ ደህና አድርገው የሚሄዱበት መሬቱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ የበጋው ጭነት ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ወንዙ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ገበያው በሙሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መገጣጠም ላይ ነው። ግሪክና ሶርያዊ ነጋዴ ጎሬ ላይ ሱቅ የከፈተው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ያስቀመጠው ለዚህ ነበር። ወደቡ በሱዳን አስተዳደር ሥር የቆየው ሱዳን ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ነው።

እንግዲህ ጎሬን በሐምሌ ያየ ሰው ከተማዋን በገናናነቷ ወራት ያያታል ማለት ነው። ጉሙ ከጋምቤላ በኩል ተነስቶ መንገዱን ይሞላል፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰው ከሰው እስከማይሰማማ ድረስ ይበረታል፤ ከቡሬ ወዲያ ደግሞ ቆላው በደመና ተሸፍኖ ይተኛል። በጥር ፀሐይ የድሮ ቤቶቹ አርጅተው የተረሱ ይመስላሉ። በክረምት ግን ሰፋፊ በረንዳዎቻቸውና ረጃጅም የጣሪያ ክፈፎቻቸው ለምን እንደተሠሩ ያለ አስረጂ ይገባል።

በጎሬ ታሪክ ውስጥ ሌላም ክረምት አለ፤ እሱን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ስትወድቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከአገር ሲወጡ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጨርሶ አልጠፋም፤ ጎሬ ላይ ተቀመጠ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆኑ፣ ራስ እምሩም በእንደራሴነት ወደዚያው መጡ። ያንን ክረምት ከጭቃውና ከሞሉት ወንዞች ጀርባ ሆነው አሳለፉት። ዝናቡ አባርቶ መንገድ ሲደርቅ፣ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣልያን ጎሬን ያዘ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው እዚያው ጎሬ ላይ ተገደሉ። ራስ እምሩ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። እንዲሁ በጣልያን የተገደሉትን የአቡነ ጴጥሮስን ስም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ይገባቸዋልም። የአቡነ ሚካኤል ስም ግን ከኢሉባቦር ውጭ ብዙም አይነሳም። በየኅዳሩ እሳቸውንና ያንን የጎሬ መንግሥት የሚያስብ፣ ከሩቅም ሰው የሚጠራ የመታሰቢያ ሳምንት ቢኖር የከተማዋ ትልቁ በዓል ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ወሩም ምቹ ነው፤ መንገዱ ደርቋል፣ ቡናው ቀልቷል።

ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርዱ አየሩ ለስለስ ይላል። መቱ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተላት፣ ባጃጅ የበዛባት ከተማ ናት። ሆስፒታሏ «መቱ ካርል» ይባላል፤ ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በዚህ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ስለሠራ በመሥራቹ ስም የተጠራ ነው። ለጎብኚ ግን መቱ በተለይ ማደሪያና መነሻ ናት። ከዚህ ተነስቶ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር የሶር ፏፏቴ ነው።

ሶር ከመቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ በበቾ ወረዳ ይገኛል። ወንዙ ከደን ውስጥ ወጥቶ ወደ 100 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ላይ ይወረወራል፤ ቀጥሎ ከጌባ ጋር ይቀላቀላል፣ ጌባም ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። ያ የጋምቤላን መርከብ ያንሳፈፈ ውኃ ከፊሉ በዚህ ገደል ላይ ያለፈ ነው። መኪና እስከ ፏፏቴው ስለማይደርስ የመጨረሻው መንገድ በእግር ነው። ማሳው ያልቅና ደኑ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ በደረቁ ወር እንኳ እርጥብ ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ጭራው ነጭ ሆኖ ይታያል። ድምፁ ከውኃው በፊት ይደርሳል። ጫፉ ላይ ሲወጡ በሌላ በኩል ያለው ገደል የሽንብራ ቅጠል በሚያህሉ ጥቃቅን ተክሎች ተሸፍኖ ይንጠባጠባል፤ ርጭቱ በነፋስ እየተነሳ ደረት ድረስ ያረጥባል።

በየካቲት የሄደ ሰው ውብ፣ ግን የቀጠነ ሶር ያያል። በነሐሴ የሄደ ሰው ዳገቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ልብሱ ይበሰብሳል፣ የፏፏቴው ግርጌ ደግሞ በርጭቱ ስለሚሸፈን አይታየውም። ሁለቱንም ሳልነቅፍ የምመርጠው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። ወንዙ ገና ሙሉ ነው፣ ሰማዩ ግን ከሰዓት በፊት ጠርቶ ይውላል፣ መንገዱም መጠጠር ይጀምራል።

መስከረም በዓልም ይዞ ይመጣል። እንቁጣጣሽና መስቀል እንደየትኛውም የአገሪቱ ከተማ ይከበራሉ፤ እዚህ ግን ለመስቀል ገበታ አንጮቴ ይቀርባል። አንጮቴ መሬት ውስጥ የሚያፈራ ሥር ነው። በወለጋም በኢሉባቦርም ይወደዳል፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በቅመም ቅቤና በቆጭቆጫ ይበላል። ሆቴል ምግብ ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሰው ቤት መጋበዝ ያስፈልጋል፣ የአካባቢው ሰው ደግሞ እንግዳ መጋበዝ ያውቃል። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ አለ። ትልቁ በዓል ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በምዕራብ ኦሮሚያ ከተሞችም በየወንዙ ዳር ይከበራል። ሰዉ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ፣ በሽማግሌዎች ምርቃት እየተመራ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከጨለማው ክረምት ወደ ብርሃን ላሸጋገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። ስምንት ወር የሚዘንብበት አገር ይህን ምስጋና ሲያቀርብ ማየት በደረቅ አገር ከማየት ይለያል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ስለሌለ ደግሞ እንግዳው ምርቃቱን ከቅርብ ይሰማል፣ የአባ ገዳውን ፊት ያያል።

ቀጥሎ ቡናው ይደርሳል። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ኢሉባቦርን ለማየት አንድ ወር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን ነው።

የቡና ዓመት የሚጀምረው በለቀማ ወቅት አይደለም። በደረቁ ወራት እምቡጡ ተዘግቶ ይጠብቃል። በጥር ወይም በየካቲት አንድ ደህና ዝናብ ሲጥል፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አበባው በአንድነት ይፈነዳል። ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ መዓዛው ከመንገድ ይጠራል። ከሦስት ቀን በላይ ግን አይቆይም፣ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ፍሬው ስምንት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ክረምቱን በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ መስከረም ሲጠባ በቆላው በኩል መቅላት ይጀምራል። ጥር ላይ የጣለው ያ አንድ ዝናብ የለቀማውን ቀን ወስኗል ማለት ነው። ለዚህ ነው የቡና አበባን በቀጠሮ ማየት የማይቻለው፤ የቡና ለቀማን ግን ይቻላል።

በሁሩሙ፣ በያዮና በአሌ ወረዳዎች ለቀማ ሲደርስ ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው አይገኝም። የያዮ አካባቢ ቡና አብዛኛው በረድፍ የተተከለ እርሻ አይደለም፤ ከዋንዛና ከቀረሮ ጥላ ሥር ራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ቅርንጫፉ የተበተነ ነው። ለቃሚዋ በግራ እጇ ቅርንጫፉን ወደ ራሷ ስባ ትይዛለች፤ በቀኟ ቀዩን ፍሬ ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዘዝ አድርጋ ታወርዳለች። አረንጓዴው ለሚቀጥለው ዙር ይቀራል። አንድ ዛፍ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ፍሬው እኩል ስለማይቀላ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሱበታል። ታናሽ ልጅ ተቻኩሎ ቅርንጫፉን እንዳለ ሲያራግፍ «ኧረ ልጄ፣ ጥሬውን ተወው!» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ዛፍ ይሰማል። ያች ጥሬ ፍሬ ከደረቀች በኋላ ሲኒ ውስጥ ጣዕሙን ስታበላሽ ትታወቃለች፤ ገዢም ዋጋ ይቀንስባታል።

ከሰዓት በኋላ ቅርጫቱ ወደ ግቢ ይገባል። ፍሬው ከመሬት ከፍ ባለ፣ በወንፊት ሽቦ ወይም በቀርከሃ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ስለሚወስድ ነው አልጋው ያስፈለገው። በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈናል፤ ማታ ጤዛ እንዳይነካውም እንዲሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ቀዩ ጠቁሮ ይኮማተራል፤ ሲያንቀጫቅጩት ይንኳኳል። ጀንፈል ሆነ ማለት ነው። እንግዳ ሰው ካልተፈቀደለት እጁን አያስገባ፤ ከተፈቀደለት ግን ጎንበስ ብሎ ቢያገላብጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ቡና ከሚያነበው የበለጠ ያውቃል።

የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. ከካፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ 167,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን በሦስት ይከፈላል። መሐሉ፣ ወደ 28,000 ሄክታር የሚጠጋው፣ የማይነካ ነው፤ የአረቢካ ቡና የዱር ዘር በነጻነት የሚኖረው እዚያ ነው። ቀጥሎ ያለው ዙሪያ ደኑ ሳይቆረጥ ቡናና ቅመም የሚለቀምበት ነው፤ ውጭኛው ሰፊው ክልል የሰው መንደርና ማሳ ነው። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ በዘሩ እጅግ የጠበበ፣ በሽታና ሙቀት ቶሎ የሚጎዳው ነው። እዚህ ደን ውስጥ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች እንኳ ዘራቸው ሊለያይ ይችላል፤ ነገ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ የሚፈለገው ከዚህ ነው። ስለዚህ ያዮ ውስጥ መሪ ይዞ በተፈቀደው መንገድ ብቻ መሄድ የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ ከዱር ቡናው ቅጠልም ፍሬም ይዞ መውጣት አይገባም።

ጥምቀትን በአጭሩ ልለፈው። በመቱም በጎሬም በድምቀት ይከበራል፤ ለጥምቀት ብቻ ብሎ ግን ከጎንደር ይልቅ ወደዚህ ይምጣ አልልም። በጥር የሚመጣ ሰው ይልቅ ከቡና አበባው ጋር ይገጥም ይሆናል፤ ቀኑን ማንም አያውቅለትም እንጂ ከገጠመ ዕድለኛ ነው።

የማር ወቅት ግን ቀጠሮ ያከብራል። ጌተማ የሚባለው ዛፍ ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ትከሻ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት የሚሰድ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲያብብ የደቡብ ምዕራብ ደኖች ነጭ ማር ከእሱ ይገኛል። ቆረጣው በግንቦትና በሰኔ ነው። ረጅም ክብ ቀፎዎች ከዛፍ ጫፍ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ቆራጩ በጨለማ በገመድ ይወጣል፣ በጭስ ንቡን ያረጋጋል፣ እንጀራውን እየቆረጠ በዕቃ ያወርዳል። ሌሊት የሚሠራው ንብ በጨለማ ስለማይከተል ነው። በእነዚህ ወራት በመቱ ገበያ የሚሸጠው ማር ነጭ፣ እንደ ቅቤ የረጋ ነው። ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያው መግዛት የተሻለ ነው፤ ከሻጯ ጋር ቁጭ ብሎ የየትኛው አበባ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላልና።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጅማና በአጋሮ አድርጎም፣ በነቀምትም በኩል ዞሮ በደሌ ላይ ይገናኛል። በአንድ ቀን ልድረስ የሚል ሰው ደክሞ ይገባል፤ ጅማ ወይም በደሌ ማደር ይሻላል። በደሌ ዛሬ የራሷ ዞን ዋና ከተማ ናት፣ በቢራዋም ትታወቃለች። ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው መጠየቅ በዚህ ዘመን የማይዘለል ነገር ሆኗል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው ብሎ መነሳት ልክ አይደለም።

አንድ ነገር ግን የሚመለከታቸውን ሁሉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። መቱ ሆቴል ውስጥ ገብቶ «በዚህ ወር ምን ይታያል?» ለሚል እንግዳ የሚሰጥ አንድ ገጽ የቀን መቁጠሪያ ይዘጋጅ። የሶር ውኃ የሚሞላበት ሳምንት፣ ለቀማ የሚጀመርባቸው ቀበሌዎች፣ የማር ቆረጣው፣ ኢሬቻ የሚወረድበት ወንዝ፣ የየከተማው ገበያ ቀን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍበት። ገበሬው ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ወረቀቱን እሱ ይናገረው፤ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጻፉት፤ በየዓመቱ ለቀማ ካለቀ በኋላ በታኅሣሥ ይታረም።

በሐምሌና በነሐሴ ለሚመጡት ደግሞ ይህን ጨምሬ ልጻፍ። ከመቱ ገበያ ቦቲ ጫማ ይግዙ፣ የከተማ ጫማ በቾ ላይ አይበቃም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ወደ ሶር ማለዳ ይነሱ። ከበቾ የአገሩን ልጅ መሪ ይያዙ፤ በክረምት ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለጎሬ ደግሞ አንድ ሌሊት ይተዉላት፤ ጠዋት ከስድስት ሰዓት በፊት ጉሙ ሲገለጥ በቡሬ በኩል እስከ ጋምቤላ ሜዳ ድረስ የሚታይበት ሰዓት አለና።